ስለ መርዶ አነጋገር፤ «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ አስተያየት

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ያሳተሙት «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፍ በእኛ ዘንድ ከሚነበበው ይልቅ የሚጠቀሰው ይበዛል። በክርክር ጊዜ አንድ ተማሪ አሳቡን በቀጥታ ሳይናገር የቀረ እንደ ሆነ፣ «ይህማ ሰምና ወርቅ ነው፤ የባህላችን ጠባይ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኛም እስከ ዓምና ድረስ እንደዚሁ እንል ነበር። አሁን ግን አሳባችንን እንድንመረምር የሚያስገድድ ነገር ስላጋጠመን፣ መጽሐፉን እንደ ገና አንብበን ያገኘነውን አስተያየት ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ወደድን። ገና ዲግሪውን ያልጨረሰ ተማሪ በእንዲህ ያለ ሊቅ ላይ ብዕሩን ማንሣቱ ድፍረት እንደሚመስል እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ሊቁ የጻፉት ስለ እኛ ስለ ሆነ መልስ የመስጠት መብት ያለን ይመስለናል።

በመጀመሪያ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር ሳናጣምም እናቅርብ። ደራሲው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በመንዝ ገበሬዎች መካከል ተቀምጠው ኑሮአቸውን ተመልክተዋል። የመጽሐፋቸውን ስም ያገኙት ከቅኔ ትምህርት ነው። እንደሚታወቀው አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። የቅኔውም ላይኛው ትርጉም ሰም፣ የተሰወረው ትርጉም ወርቅ ይባላል። ሌቪን ይህ የቅኔ ቤት ጥበብ ወደ ዕለታዊው ንግግር ወርዶ አራት ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥ ይናገራሉ፤ ይኸውም ለቀልድና ለጨዋታ፣ ሰውን በጨዋ ደንብ ለመስደብ፣ የግል ጉዳይን ከሰው ዓይን ለመከላከል፣ እንዲሁም ባለሥልጣንን ለመንቀፍ ነው። ከዚህ ተነሥተው፣ ዘመናዊ አስተዳደርና ሳይንስ ቃል ሁሉ አንድ ቁርጥ ያለ ትርጉም እንዲኖረው ስለሚፈልጉ፣ ይህ ነገርን የመሸፈን ፍቅር ከዘመናዊነት ጋር ይጋጫል ወደሚል አሳብ ይደርሳሉ።

በአራቱ አገልግሎቶች ላይ ክርክር የለንም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚል ሕዝብ ነገር መሸፈን አይወድም ብሎ የሚከራከር ቢኖር ራሱ ሰም ይናገራል። የምንቃወመው አንባቢዎች ከዚህ የሚያወጡትን ፍርድ ነው፤ ይኸውም አማርኛ ተናጋሪ ከባድ እውነት በቀጥታ ለመናገር የሚያስችል ባህል የለውም የሚለውን። ለዚህ ፍርድ ደራሲው በሩን ከፍተዋል፤ ገብተን የተቀመጥንበት ግን እኛ ነን፤ ለስንፍናችንና ለፍርሃታችን ጥሩ ስም ስለ ሰጠን። የመጽሐፉ ክርክር የቆመው በቅኔና በዕለታዊ ንግግር ላይ ስለ ሆነ እኛ ከሌላ ቦታ እንነሣለን። አንድ ሕዝብ ከባድ እውነት እንዴት እንደሚናገር ለማወቅ ከሁሉ የከበደውን እውነት፣ ማለት የሞትን ወሬ፣ እንዴት እንደሚናገር መመልከት ይገባል።

በሩቅ አገር ያለ ሰው ሲሞት ወሬው በመጀመሪያ ለባለቤቱ አይነገርም። ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት፣ ለእድሩ ሹም ወይም ለቅርብ ዘመድ ይነገራል። እነርሱም በምሥጢር ተጠራርተው ሰዓት ይቆርጣሉ። ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ሰዓት ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ባለቤቱ ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ወሬውን መንገድ ላይ ወይም ገበያ መካከል ከማያውቀው ሰው አይሰማም። ጎረቤቱም ወደ ሥራው አልተበተነም። ከፊቱ ያለው ጊዜ ደግሞ ሌሊት ሳይሆን ቀን ነው፤ ሰው እየሰማ የሚመጣበት፣ ድንኳን የሚተከልበት፣ ሐዘንተኛው ብቻውን የማይሆንበት ሙሉ ቀን ነው።

ከዚያ በሩ ይንኳኳል። የሚከፍተው ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሽማግሌዎችን ሲያይ ነገሩን ከመስማቱ በፊት ማወቅ ይጀምራል፤ ግን በዚህ አይተዉትም። ከመካከላቸው ለዚህ የተመረጠው ሰው ስሙን ጠርቶ፣ «አባትህ አርፈዋል» ይለዋል። ምሳሌ የለም፤ ተረት የለም፤ ኅብረ ቃል የለም። «አርፈዋል» የሚለው ቃል ለስለስ ያለ ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት፣ በእነዚያ ሰዎች አፍ፣ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ሰው የለም። ሁለት ብርቱ ጎልማሶች ከግራና ከቀኝ የቆሙት ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊም እንዲሁ ነው። ጧት በየመንደሩ እየዞረ ማን እንዳረፈና ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ በከፍተኛ ድምፅ ሲናገር፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስታወቂያ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ወጥቶ እንደሚያውቅ አንባቢው ያስብ።

ሰምና ወርቅ በለቅሶ ላይ የለም ማለታችን አይደለም። ሙሾ አውራጅዋ ተነሥታ የሟቹን ጀግንነት፣ የዘመድን ንፉግነት፣ አልፎ አልፎም የተሰበሰበውን ሰው ኃጢአት በግጥም ስታወርድ ሰሙም ወርቁም ሞልቶ ይፈስሳል። ልብ ማለት የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው። እውነቱ አስቀድሞ በባዶው ይነገራል፤ ቅኔው ከዚያ በኋላ፣ የታወቀውን ነገር ለመሸከም ይመጣል።

ቋንቋችንም በዚህ ረገድ የሚመሰክረው ነገር አለ። መርዶ የሚናገር ሰው «አረዳ» ይባላል፤ የተነገረው ሰው ደግሞ «ተረዳ» ይባላል፤ «እናቱን ተረዳ» እንደሚባለው። «ተረዳ» የሚለው ቃል በሌላው አገልግሎቱ ነገሩ ገባው፣ አስተዋለ ማለት ነው። ስለዚህ መርዶ መንገር ማለት ቃል ማሰማት ብቻ ሳይሆን ነገሩ በሰሚው ልብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ማድረስ ነው። እኛ ከዚህ የምንወስደው መለኪያ የሚከተለው ነው። ስለ አንድ ንግግር መጠየቅ የሚገባው ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተሸፈነ ነው ተብሎ ሳይሆን ደረሰ ወይስ አልደረሰም ተብሎ ነው።

ይህን መለኪያ ለመፈተን በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በቃል ያጠናነውን አንድ ታሪክ እናንሣ። በሁለተኛ መጽሐፈ ሳሙኤል፣ ምዕራፍ 18፣ አቤሴሎም በጦርነት በሞተ ጊዜ ወደ አባቱ ወደ ዳዊት ሁለት መልእክተኞች ይሮጣሉ። አንዱ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ነው፤ ሁለተኛው የኩሽ ሰው ነው፤ የእኛው አገር ሰው ነው ብለን በክፍል ውስጥ እንኮራበት ነበር። አኪማአስ የንጉሡ ልጅ መሞቱን ያውቃል፤ ኢዮአብ በግልጽ ነግሮታል። ነገር ግን ለምኖ ከሮጠና ቀድሞ ከደረሰ በኋላ ንጉሡ ስለ ልጁ ደኅንነት ሲጠይቀው፣ ብዙ ሽብር አይቻለሁ፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም ብሎ ያልፋል። ኋላ የደረሰው ኩሻዊም ቢሆን ሞቷል የሚለውን ቃል አልተናገረም፤ የንጉሡ ጠላቶች ሁሉ እንደዚያ ጎልማሳ ይሁኑ አለ። ንጉሡ ግን ወዲያው ተንቀጠቀጠ፤ ከበሩም በላይ ወዳለው ሰገነት ወጥቶ አለቀሰ።

የሁለቱም ንግግር የተሸፈነ ነው። ሌቪን በሁለቱ ላይ አንድ ፍርድ በሰጡ ነበር እንላለን። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የኩሻዊው ቃል ሰም ነው፤ ከሥሩ ወርቁ አለ፤ ሰሚውም አግኝቶታል። የአኪማአስ ቃል ከሥሩ ምንም የለበትም። በመልካም ልብ የተነገረ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ንጉሡን ይወደው ነበርና። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ ንጉሡን ለጥቂት ደቂቃ በተስፋ ያቆመው፣ ሐዘኑንም በእጥፍ እንዲወድቅበት ያደረገው እርሱ ነው።

አሁን አሳባችንን ወደ ለወጠው ነገር እንመለስ፤ እኛ አኪማአስን ሆነን ስለ ነበር። ዓምና ከፋሲካ በፊት፣ ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድረው ከጎጃም የመጣ ጓደኛችን እናቱ ሞተችበት። በሦስተኛው ቀን አጎቱ ከመካከላችን ወደ አንዱ ደወሉና፣ «ልጆቼ፣ ፈተናውን ይጨርስ፤ አደራ፣ ከእናንተ አፍ እንዳይሰማ» አሉ። «እሺ ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩን» ብለን ተቀበልን። በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው የሆንን መስሎን ነበር። እርሱ በየሳምንቱ ይደውላል፤ እኅቱ፣ «እማዬ ጸበል ናት፤ እዚያ ስልክ አይገባም» ትለዋለች። ለፋሲካ ለእናቱ ሻሽና ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቶ በመንገደኛ ሲልክ ዕቃውን በወረቀት ጠቅልሎ ያሰረለት ከእኛ አንዱ ነው።

ፈተናው በሰኔ ካለቀ በኋላ ከአገሩ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ እንደ ደንቡም ሊነጋጋ ሲል ክፍላችንን አንኳኩ። መርዶው በደንቡ ተነገረ። ዳሩ ግን እናቱ ከሞተች 67 ቀን አልፎ ነበር። አልቅሶ አልቅሶ ሲበቃው የጠየቀን ጥያቄ፣ «ለምን አልነገራችሁኝም?» የሚል አልነበረም። «በአርባዋ ቀን ምን ስሠራ ነበር?» አለን። ቆጥረን ቀኑን አገኘነው። በዚያን ዕለት ማታ ከግቢ ውጭ ሻይ ጋብዞን ነበር። ለእናቱ ጸሎተ ፍትሐት ሲደረግና ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያስታውሳት፣ እርሱ እኛን ያስቀን ነበር፤ ሒሳቡንም የከፈለው እርሱ ነው።

ይህን ስናደርግ ባህላችንን ያከበርን መስሎን ነበር። አሁን ስንመረምረው ግን ከባህሉ የወሰድነው መዘግየቱን ብቻ ነው። በጥንቱ ሥርዓት የመርዶ መዘግየት የጎረቤት መጠራራት፣ የድንኳን መዘጋጀት፣ የንጋት መምጣት የሚፈጀውን ያህል ነው። መልእክት በእግረኛ በሚሄድበት ዘመን መንገዱ ሳምንታት ይፈጅ ይሆናል፤ ይህ ግን የመንገዱ እንጂ የሰዎቹ ምርጫ አይደለም። እኛ ወሬው በሦስት ቀን ደርሶን 64 ቀን ይዘነው ተቀመጥን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረት በእኛ ክፍል 64 ጊዜ ነግቶ አልሠራም። በዚያ ላይ ውሸቱ አንድ ሆኖ አልቀረም። ጸበሉ ሌላ ውሸት ይወልዳል፤ የስልኩ አለመግባት ሌላ፤ የዕቃው መድረስ ሌላ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምና ወርቅ ብሎ መጥራት የቅኔ መምህራንን መስደብ ነው።

የግለሰብ ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ የታሪክ ማስረጃ እንጨምር። ዳግማዊ ምኒልክ ለብዙ ዓመታት ታመው ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ገና በሕይወት ሳሉ ሞቱ የሚል ወሬ በአገር ውስጥም በውጭም ደጋግሞ ተነዝቶ ነበር። በሞቱ ጊዜ ግን ቤተ መንግሥቱ ለሕዝቡ መርዶውን አላረዳም፤ በእግራቸው የተተኩት ልጅ ኢያሱም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። በአገሩ ላይ ከነገሡት ሁሉ ሕዝቡ «እምዬ» ብሎ የጠራቸው ንጉሥ በሞቱበት ቀን ሊያለቅስላቸው አልተፈቀደለትም። ሕዝቡ አያውቅም ነበርን? ያውቅ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው። የሚያውቁትን ነገር በአደባባይ አለመስማት ምን ያህል መተማመንን እንደሚበላ፣ በዚያ ዘመን ታሪክ ላይ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ቢመራመሩበት ደስ ይለናል።

ሐኪም ቤትን በጥቂት ቃል እንለፈው፤ ሁሉም በየቤቱ የሚያውቀው ነው። የምርመራው ውጤት ለልጆች ይነገራል፤ ለሕመምተኛው፣ «ጨጓራ ነው፤ ይሻልሃል» ይባላል። ይህም በባህል ስም ይደረጋል። ነገር ግን የጥንት ሽማግሌና የንስሐ አባት በጠና ከታመመ ሰው አጠገብ ተቀምጠው «ተናዘዝ» ይሉት ነበር። ኑዛዜ ማለት ኃጢአትንም መናገር ነው፤ ንብረትንም ማከፋፈል ነው። «ተናዘዝ» የተባለ ሰው ምን እንደ ተነገረው በሚገባ ያውቃል። ዕዳውን ይናገራል፤ የተጣላውን ያስጠራል። ዛሬ ጨጓራ ነው የተባለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፎ ይሞታል።

ባህሉ ራሱ ነቀፌታ የለበትም ለማለት ደግሞ አንደፍርም። ትልቁ ድካሙ ጎረቤት የሚፈልግ መሆኑ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ለመጠበቅ ብዙ ይደክማሉ፤ ከአገር ቤት ለወዳጅ ይደወላል፤ ወዳጆች ተጠራርተው ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳሉ። ነገር ግን በዚያ ሲነጋ በአዲስ አበባ ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት አንዱ የሩቅ ዘመድ በፌስቡክ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከፎቶግራፍ ጋር ያወጣዋል። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እኅት ደግሞ በር የሚያንኳኳላት ማንም የለም። ለእርሷ መርዶ በስልክ ይመጣል፤ ወይም ገንዘብ መላክዋ እንዳይቋረጥ ተብሎ ጭራሹን ይደበቃል። የኋለኛው ምክንያት እውነተኛ እንደ ሆነ መስማት አስቀያሚ ነው፤ ቢሆንም ይሰማል። ሥርዓቱ የቆመበት መንደር ሲፈርስ ምን ይተካው የሚለው ጥያቄ ለእኛ ትውልድ የቀረ ሥራ ነው።

ወደ መጽሐፉ ስንመለስ፣ ሌቪን ራሳቸው በመጀመሪያው አሳባቸው እንዳልቆሙ መናገር ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ባሳተሙት፣ ትርጉሙ «ከአሻሚነት መሸሽ» በሆነው መጽሐፋቸው፣ ዘመናዊው ዓለም ሁሉን ነገር በአንድ ቁርጥ ትርጉም ለማሰር ሲሮጥ የሚያጣው ነገር እንዳለ ጽፈዋል። በ20 ዓመት ውስጥ ከነቃፊነት ወደ ጠበቃነት ቀረቡ ማለት ነው። ይህን በማድረጋቸው እናከብራቸዋለን። ሆኖም ሁለቱም መጻሕፍት ነገሩን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል፤ በአንደኛው ጫፍ ግልጽ ንግግር፣ በሁለተኛው ጫፍ የተሸፈነ ንግግር። እኛ የምናየው ሦስተኛ ነገር፣ ማለት የማይደርስ ንግግር፣ በዚህ ሚዛን ላይ ቦታ የለውም። ይህ ሦስተኛው በግልጽ ቃልም ሊነገር ይችላል። «እማዬ ጸበል ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ያለው፣ ሰዋስዉም የተስተካከለ፣ ለመረዳትም ቀላል ነው።

ጓደኛችን ዘንድሮ ከእኛው ጋር ነው። በኅዳር ወር በሁለተኛው ፎቅ ያለ የሌላ ክፍል ተማሪ አባቱ ሞቱ፤ ወሬውም ማታ 3 ሰዓት ላይ ወደ እኛ ደረሰ። ፈተና በሦስተኛው ቀን ነበርና ከቤተ ሰቡ በኩል ያው አደራ መጣ። ስልኩን ጓደኛችን ተቀበለና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን አደራ አልቀበልም። እስኪነጋ ግን እጠብቃለሁ» አለ። ሌሊቱን ለልጁ የአገር ልጆች እየደወለ አምስት ሰው ሰበሰበ፤ አንዱን መምህራችንንም ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሰ፤ የአውቶቡስ ገንዘብ አዋጥተን አዘጋጀን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ደረጃውን ወጣን። በሩን ያንኳኳው እርሱ ነው፤ ልጁ ከፍቶ ሁላችንንም ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «አባትህ ሞተዋል» አለው። «ትናንት ማታ ነው። ቀብሩ ነገ ነው፤ ትደርሳለህ።»